ቆላው ሽቅብ ሲወጣ

አርብ ገበያ ስሟ ገበያዋ ነው። በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ ናት። ከበላይዋ ላይ ጋይንት፣ ከጎኗ ስማዳ አለ፤ ወደ ደቡብ መሬቱ እየተቆረሰ እየተቆረሰ እስከ ቤሽሎ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከቤሽሎ ማዶ ወሎ ነው። ከሸለቆው የወጣ ማሽላና ከደጋ የወረደ ገብስ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይሰፈራሉ። እናቷን ተከትላ የወጣች የስምንት ዓመት ልጅ፣ ጋቢ ደርቦ የመጣው ከየት፣ ነጠላ ጣል አድርጎ የመጣው ከየት እንደሆነ ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልጋትም። ከፍ ሲሉ እንደሚበርድ፣ ዝቅ ሲሉ እንደሚሞቅ፣ እህሉም ሙቀቱን ተከትሎ እንደሚበቅል ከመጽሐፍ በፊት በዓይኗ አይታዋለች።

ለዚህች ልጅ የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለውን ነገር ከየት ጀምረን እንንገራት? ምን ያህሉን? ጥፋቱንስ የማን እናድርገው? በዓለም ላይ ስለዚህ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተሞክሯል። አብዛኛው ግን ለእሷ የሚሆን መነሻ የለውም። የሚጀምረው ከፋብሪካ ጭስና ከሚቀልጠው የዋልታ በረዶ ነው። የጋይንት ልጅ በረዶ ስትባል የሚታያት የገብሱን ዛላ በአንድ ከሰዓት አርግፎ የሚሄደው ነው። "በረዶው እየቀለጠ ስለሆነ ዓለም ተቸግሯል" ብንላት እሰየው ብትል አይፈረድባትም።

ቃሉም ራሱ አስቸጋሪ ነው። "ንብረት" በልጅ ጆሮ በሬ ነው፣ በግ ነው፣ ቤት ነው። ግእዙ "ነበረ" ብሎ መኖርንና ጸንቶ መቀመጥን ሊያመለክት ቢፈልግም፣ "የአየር ንብረት ተለወጠ" ሲባል ሕፃን የሚሰማው የአንድ ባለጸጋ ሀብት እንደተነካ ነው። ፈተና ላይ "የአየር ሁኔታ" እና "የአየር ንብረት" ልዩነታቸው ይጠየቃል፤ መልሱም አጭር ጊዜና ረጅም ጊዜ ተብሎ ይሸመደዳል። አንድ ዘዴኛ መምህር ግን በራሱ ላይ ቀልዶ ሊያስረዳው ይችላል፦ "ጋሼ ዛሬ ተቆጥተዋል" ብትሉ የአየር ሁኔታ ነው፤ "ጋሼ ቁጡ ናቸው" ብትሉ የአየር ንብረት ነው። "ጋሼ ድሮ እንዲህ አልነበሩም፣ ምን ነካቸው?" ካላችሁ ደግሞ ስለ ለውጡ መጠየቅ ጀምራችኋል። ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አላየሁም።

እኔ በተማርኩበት ዘመን የመጀመሪያው የአየር ትምህርት አራቱ ወቅቶች ነበሩ። መፀው፣ በጋ፣ በልግ፣ ክረምት፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ወር፣ በቃል፣ በኅብረት፣ በዜማ ሊባል በሚችል ድምፅ። ክረምት ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ነው ብለን እንጨርሳለን። የቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር ትንሽ ይለያል፤ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። ጋይንት ደግሞ የዜማ አገር ነው። የድጓው ማስመስከሪያ ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋስዕቱ ዙር አምባ፣ ሁለቱም በዚሁ ምድር ናቸው። ድጓው ራሱ በወቅት የተከፋፈለ የዜማ መጽሐፍ ነው፤ ተማሪው የክረምቱን ዜማ በክረምት፣ የጽጌውን በጽጌ ይላል። ዓመቱን በሰማዩ ጠባይ ከፋፍሎ ማስተማር ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም።

ይኸ ዕውቀት ግን የሚጠበቀውን እንጂ የሆነውን አይመዘግብም። "ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም" የሚለው አባባል በትውልድ ሁሉ የተጣራ የአየር ንብረት መረጃ ነው፤ ከነሐሴ 13 በኋላ የዝናቡ ጉልበት እንደሚሰበር ይናገራል። አባባሉ የማይመልሰው "ዘንድሮስ?" የሚለውን ነው። እንደሚመስለኝ የአንደኛ ደረጃው ትምህርት ትክክለኛ ቦታ እዚህ ላይ ነው፦ በሚጠበቀውና በሆነው መካከል። ልጅቷ የምትጠብቀውን ከአያቷ ትወስዳለች፤ የሆነውን ራሷ ትለካለች።

መለካት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ዝናብ የሰው ትዝታና የመሣሪያው መዝገብ ሁልጊዜ አይስማሙም። ተመስገን ደሬሳና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ የዓባይ ተፋሰስ 1,000 የገበሬ ቤተሰቦችን ጠይቀው ባሳተሙት ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ ሙቀቱ ጨምሯል፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ዝናቡ ቀንሷል ብለዋል። በሙቀቱ ላይ መሣሪያውም ከገበሬው ጋር ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ያሳተመው የአገሪቱ የአየር ንብረት መግለጫ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ መጨመሩን ያሳያል። በዝናቡ ላይ ግን ያው መግለጫ የዓመቱ ድምር ይኸን ያህል ቀነሰ ለማለት አልደፈረም፤ ከዓመት ዓመት ያለው መዋዠቅ ትልቅ ስለሆነ አቅጣጫው አይለይም። ገበሬው ተሳስቷል ማለት ግን አይደለም። እሱ የሚቆጥረው የዓመቱን ድምር ሳይሆን ዝናቡ መቼ እንደገባ፣ መካከል ላይ ስንት ቀን እንደጠፋ፣ ጤፉ ሲያፈራ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ነው። በዚያ ላይ መሬቱ ተሸርሽሮ ስለሳሳ የድሮውን ያህል ውሃ አይዝም፤ ያው ዝናብ ዘንቦ ሰብሉ ቶሎ ይጠማል። ሁለቱ ምስክሮች የሚለያዩበትን ምክንያት መመርመር ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ከባድ አይደለም፤ አዋቂዎች እርስ በርስ የማይስማሙበት ነገር ልጅን ይስባል።

1.3 ዲግሪ ለሕፃን ምንም ማለት አይደለም። ጠዋትና ቀትር መካከል ብቻ ከዚያ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ልዩነት አለ። እዚህ ላይ የአርብ ገበያ ልጅ ከአዲስ አበባ ልጅ ትበልጣለች፤ አካባቢዋ ራሱ መለኪያ ነው። መቶ ሜትር ሽቅብ በወጡ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንግዲያው የ1.3 ዲግሪ ጭማሪ ማለት፣ በግምት፣ ቆላው 200 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣ ማለት ነው። ልጆቹን ከትምህርት ቤቱ ደጅ አቁሞ ወደ ሸለቆው እያሳዩ "አያታችሁ ልጅ ሳሉ እዚያ ታች የነበረው ሙቀት ዛሬ እዚህ ድረስ መጥቷል" ማለት ይቻላል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ ማሽላስ ተከትሎ ወጥቷል? ወባስ?

ስለ ወባው የተጠና ነገር አለ። አሚር ሲራጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ሥራ፣ በቢሾፍቱ ዙሪያና በኮሎምቢያ ደጋማ አካባቢ የወባ መዝገቦችን ከከፍታ ጋር አስተያይተው፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት በሽታው ወደ ከፍተኛው ቦታ እንደሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚመለስ አሳይተዋል። ድሮ ከቆላ ደርሶ የመጣ ሰው "ንዳድ ይዞት መጣ" ይባል ነበር። ወባ የቆላ ነው የሚለውን እናቶች ሁሉ የሚያውቁትን ነገር ይዞ ሳይንሱን ማስከተል ከየትኛውም ሥዕል ይሻላል።

ከእንዴት ወደ ለምን ስንሻገር ግን መንገዱ ይጠባል። ብዙው ትምህርት የሚበላሸውም እዚህ ነው።

በብዙ ክፍል "የአየር ንብረት ለምን ተለወጠ?" ተብሎ ቢጠየቅ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ "ደን ስለተጨፈጨፈ።" መልሱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ዛፍ ካርቦን ይይዛል፣ ሲቃጠል ይለቀዋል። ግን ልጅቷ መልሱን ይዛ ቤቷ ስትገባ ምን ታያለች? እናቷ እንጨት ተሸክማ ስትመጣ። አባቷ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ሲሸጥ። ስለዚህ ድርቁን ያመጣችው እማዬ ናት። ማንም በዚህ ቃል አልነገራትም፤ የተማረችው ግን ይኸን ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከሚሊዮን እጅ 280 ያህሉ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ለዚህ ዋናው ምክንያት የተቃጠለው ድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ነው። ከነዚህ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በነፍስ ወከፍ ሲካፈል ለአንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ገደማ፣ ለዓለም አማካይ 4.7 ቶን ገደማ ሲደርስ፣ የኢትዮጵያዊው ከሩብ ቶን በታች ነው። የአርብ ገበያ ቤተሰብ ድርሻ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ መኪና የለ፣ ማሞቂያ የለ። ለሕፃን በጋቢ ማስረዳት ይቻላል። ምድር ጋቢ ለብሳለች፤ ጋቢው ባይኖር በብርድ እንሞት ነበር። ጋቢ በራሱ እሳት የለውም፣ የለባሹን ሙቀት ነው የሚይዘው፤ ካርቦኑም እንዲሁ። አሁን በላዩ ላይ ሌላ ጋቢ ተደረበ። ማን ደረበው? መኪናና ፋብሪካ የበዛባቸው አገሮች፣ ከመቶ ዓመት በላይ። እናትሽ ከጋቢው አንድ ክር ብትጨምር ነው።

ነገሩን እዚህ ላይ መዝጋትም ግን ሌላ ስህተት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው፣ የአየር ንብረት ለውጥን የማይበግረው አረንጓዴ ኢኮኖሚ የተባለው ስትራቴጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አገሪቱ 150 ሚሊዮን ቶን ያህል የሙቀት አማቂ ጋዝ ትለቅ እንደነበርና ከዚህ ከ85 በመቶ በላዩ ከእርሻ፣ ከከብትና ከደን እንደሚመጣ አስልቷል። ከብቱም ደኑም በሒሳቡ አሉ ማለት ነው። ትልልቆቹ ልጆች፣ ስድስተኛ ክፍል የደረሱት፣ ይኸንንም ቢሰሙ አይከፋም። ትንንሾቹ ግን ሁለቱን ጉዳዮች ለይተው ይያዙ፦ በእኛ እጅ ያለው የአፈርና የውሃ ጉዳይ አንድ፣ በሩቅ ሰዎች እጅ ያለው የጋቢ ጉዳይ ሌላ። እርከን የሚሠራው፣ ክትር የሚታሰረው፣ ኮረብታው ከከብት ንክኪ የሚከለለው አፈሩ ወደ ቤሽሎ እንዳይሄድ ነው። ይኸ በራሱ በቂ ምክንያት ነው፤ "ዓለምን እናድናለን" የሚል ጭነት መሸከም የለበትም። ሁለቱን ያደበላለቀ ትምህርት፣ ኮረብታው አረንጓዴ ሆኖም ሙቀቱ ሲጨምር ያዩ ልጆች ፊት ሐሰተኛ ይሆናል።

በዚህ ላይ አንድ አሮጌ ቁጥር ይጨመርበታል። "ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ በደን የተሸፈነች ነበረች፤ ዛሬ 3 በመቶ ብቻ ቀርቷል" የሚለውን ያልሰማ የኢትዮጵያ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ይኸ ቁጥር በጽሑፍ ላይ ጽሑፍ እየተቀዳ የመጣ፣ ማስረጃው የላላ ትረካ መሆኑን አሳይቷል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ማስረጃም አለ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከባሕር ተነሥቶ፣ ከቤሽሎ ማዶ እስካለችው መቅደላ ሲዘምት ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። የቤልጅጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ መምህር ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ በዘመቻው ወቅት የተነሡትን ፎቶዎች ይዘው፣ በአብዛኛው በትግራይ፣ ያንኑ ቦታ ፈልገው ከ140 ዓመት በኋላ ደግመው አነሡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ውጤት ብዙ ሰው ያስደነገጠ ነበር፤ በብዙው ቦታ ዛሬ ያለው ዛፍ ከአጼ ቴዎድሮስ ዘመን ይበልጣል። ደጋው ያን ጊዜም የታረሰ፣ ያን ጊዜም የተራቆተ ነበር ማለት ነው።

ይኸንን ለልጆች መንገር ለምን ይጠቅማል? "አባቶቻችን ገነትን ተረክበው ምድረ በዳ አወረሱን" የሚለው ታሪክ ልጁን በወላጁ ላይ የሚያስነሣ፣ ደግሞም ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ማሳየት ግን ወላጆቹ ዛፍ ተክለውም እንደሚያውቁ ያስረዳል። ተማሪዎች ራሳቸውም ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው። የአንድ ቤተሰብ የሠርግ ፎቶ ከኋላው ያለው ኮረብታ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ምን እንደሆነ ዛሬ በስልክ ካሜራ ማነጻጸር ይቻላል።

የቆየ ዛፍ ለማየት የሚፈልግ ክፍል ደግሞ ሩቅ መሄድ የለበትም። የደቡብ ጎንደር ጥንታዊ ደን በአብዛኛው ያለው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው። ብዙ አንባቢ በ"እመጓ" የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቱ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው። በዚሁ ዞን 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ሥራ 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች መዝግቧል፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አገር በቀል ናቸው። በኋላም ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎማን ጋር ሆኖ፣ ቀሳውስቱንና ምእመናኑን አስተባብሮ፣ ደኖቹን ከከብት በድንጋይ ካብ የማጠር ሥራ ጀምሯል። ካቡ ለትምህርት ይመቻል፤ ከወዲህ የተጋጠ መሬት፣ ከወዲያ ቡቃያ አለ። ልጆቹን አንድ ሰዓት እዚያ አስቀምጦ ከጥላው ውስጥና ከጥላው ውጭ ያለውን አፈር በእጅ ማስዳሰስ ነው። ወይራና ጥድ፣ ዝግባና ዋንዛ፣ በስም። አገር በቀል የሚለውን ቃል የሚያውቅ፣ ዛፎቹን ግን በስማቸው መጥራት የማይችል ልጅ እያበዛን ነው ብዬ እፈራለሁ።

ችግኝ ተከላውም ቢሆን ለልጆች ሊያስተምር ይችል ነበር። የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ይሳተፋሉ፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ፣ በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ግጥም ይነበባል፣ ፎቶ ይነሣል። ነገር ግን የሚቆጠረው የተተከለው ነው። ለአንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚጠቅማት ግን በጥቅምት፣ በጥርና በሚያዝያ ተመልሳ ያንኑ ችግኝ ማየቷ ነው። ደረቀ? ለምን? ፍየል ነው፣ ውሃ ነው፣ ወይስ ጉድጓዱ ጠቦ ነው? ከአሥሩ አራት ጸደቀ ብሎ መጻፍን የመሰለ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት የት ይገኛል? ተከላው ክረምት ላይ ይውላል፤ ክረምት ደግሞ የትምህርት ዕረፍት ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ተከትሎ የሚያይ የሚጠፋው።

ፍርሃትን በተመለከተ የውጭው ዓለም ክርክር ብዙ ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ሶቤል እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ትንሽ መጽሐፍ ልጆች አራተኛ ክፍል ሳይደርሱ የተፈጥሮን መከራ አትንገሯቸው፣ መጀመሪያ ይውደዷት ሲል ተከራክሯል። ለሕፃኑ የሚቃጠል ጫካ አሳይቶ መጨነቅን ማስተማር ከተፈጥሮ ያርቀዋል ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ቤተሰብ ውስጥ የታተመ ጥናት በአሥር አገሮች ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆናቸውን 10,000 ወጣቶች ጠይቆ፣ 59 በመቶዎቹ በአየር ንብረት ለውጥ በጣም ወይም እጅግ በጣም እንደሚጨነቁ አግኝቷል። ከአፍሪካ የተጠየቀችው ናይጄሪያ ብቻ ናት።

የሶቤል ምክር መልካም ነው፤ ለጋይንት ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። እሱ የሚያስበው ልጅ መከራውን ከቴሌቪዥን የሚሰማ ነው። እዚህ ያለችው ልጅ ሶቤል ይነገራት አይነገራት ብሎ የሚከራከርበትን ነገር ከቤቷ ታውቀዋለች። አያቷ የረሃቡን ዓመት "ሰባ ሰባት" ብለው ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጣል። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ባስከተለው ድርቅ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ሲፈልግ፣ የዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሕፃናት ነበሩ። ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር ከታቀፉት መካከል የጋይንትና የስማዳ ወረዳዎች ይገኙበታል፤ "ሴፍቲኔት" የሚለውን ቃል እዚህ ያለ ልጅ ትርጉሙን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ዝምታ መከላከያ አይሆናትም። የሚረዳት ነገሩን የሚያብራራላት ሰው ነው፦ ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም። ድርቅ ከሰማይ ነው፤ ረሃብ ግን ከጦርነት፣ ከመንገድ እጦት፣ ከዋጋና ከአስተዳደርም ይመጣል። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 በጻፈው መጽሐፍ፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በነበረው የወሎ ረሃብ ጊዜ በአገሪቱ የነበረው ጠቅላላ ምግብ ይኸን ያህል እንዳልቀነሰ፣ ያልነበረው የወሎ ገበሬ የመግዛት አቅም እንደነበር አስረድቷል። ይኸ ለሕፃን ከባድ ይመስላል፤ ግን የገበያ ልጅ ነች። እህል ገበያ ላይ እያለ መግዛት የሚያቅተው ሰው አይታለች።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 የ100 አገሮችን ሥርዓተ ትምህርት መርምሮ ግማሽ ያህሉ፣ 47 በመቶው፣ የአየር ንብረት ለውጥን ስሙን እንኳ እንደማያነሡ አግኝቷል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በዓመት 33 ሰዓት ለዚሁ እንመድባለን አለች። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት ከመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል እንዲሰጥ አስገድዳለች፤ በሥነ ጥበብም በስፖርትም ውስጥ እየተቀላቀለ። ከሁሉ የገረመኝ ግን በሰሜን ካሮላይና የተሠራው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳተሙት፣ ልጆች ስለ አየር ንብረት ለውጥ በአካባቢያቸው ጉዳይ አድርገው ሲማሩ፣ እንዲሁም ወላጆቻቸውን እንዲጠይቁ ሲደረግ፣ የወላጆቹ አስተያየት ተለወጠ። ከሁሉ ይበልጥ የተለወጡት አባቶችና ወግ አጥባቂ ወላጆች ናቸው፤ ከሁሉ ይበልጥ ያሳመኑትም ሴት ልጆች። እዚህም አባት ለልጁ ሲል የማያደርገው የለም፤ እኛ አገር ግን ትምህርቱ በሌላው አቅጣጫም መሄድ አለበት። የእኛ ወላጅ ስለ ሰማይ ለልጁ የሚነግረው አለው።

የእኛ ሥርዓተ ትምህርት በወረቀት ደረጃ መጥፎ አይደለም። ከ1986ቱ ዓ.ም. ፖሊሲ ጀምሮ ትንንሾቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፣ አካባቢ ሳይንስ የሚባል ትምህርትም አለ። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አካባቢ ሳይንስን እስከ ስድስተኛ ክፍል አዝልቆታል። የትምህርቱ ስም ራሱ የሚለው ከአካባቢህ ጀምር ነው። መጽሐፉ ግን ለመላው ክልል የሚታተም ነው፤ ለጣናው ዳር፣ ለሸዋውም፣ ለቤሽሎውም አንድ ነው። ስለዚህ አካባቢ የሚባለው የማንም አካባቢ ያልሆነ ይሆናል፤ አንድ ወንዝ፣ አንድ ተራራ፣ አንድ ጎጆ ያለበት ሥዕል። የጉና ተራራ፣ ጅባራውና አስታው ሳይቀር፣ ከዚህ ከአንድ ቀን መንገድ ያነሰ ነው፤ ከእሱ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይገባሉ። ይኸንን የሚጽፈው መምህሩ ነው፣ በሰሌዳ ላይ፣ በጠመኔ።

ከዚህ በላይ ያለው ችግር ደግሞ ከአየር ንብረት ጋር ግንኙነት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው የንባብ ምዘና በኢትዮጵያ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለም ነበር። ማንበብ ላልቻለ ልጅ ምዕራፍ ብንጨምርለት ምን ይፈይዳል? ለዚህ ነው በእጅ ወደሚሠራው ነገር የማደላው። ቀጥ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጦ፣ ገልብጦ እንደ ማጥለያ አፉ ላይ ሰክቶ፣ ታችኛውን ክፍል በትንሽ ጠጠርና ውሃ እስከ ዜሮው መስመር አስተካክሎ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ለጥፎ ከአጥር ራቅ አድርጎ መትከል ነው። በየጠዋቱ አንድ ተረኛ ልጅ ወጥቶ ያነባል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ማለት ነው፤ ይኸ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱን መሣሪያ አይተካም። ግን ከአራተኛ ክፍል እስከ ስድስተኛ የተጻፈ ደብተር፣ ለሚቀጥለው ክፍል የሚተላለፍ፣ ሚያዝያ ላይ ስንት ቀን እንደዘነበ የሚናገር ደብተር ይኖራል። በዓለም ላይ ግሎብ የሚባለው የተማሪዎች የልኬት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ይኸንኑ በተሻለ መሣሪያ ያሠራል። ሐሳቡ ግን ጠርሙስ ላይም ይሠራል።

ይኸን ስጽፍ ጠርሙሱ የሚተከልበት ግቢ ክፍት መሆኑን መጠየቅ እንዳለብኝ አልረሳሁም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ የተዘጉ፣ የተጎዱ፣ ወንበራቸው ማገዶ የሆነ ትምህርት ቤቶች አሉ። ስምንት ዓመቷ ነው ያልኳት ልጅ አንደኛ ክፍል ሳትገባ ዘጠኝና አሥር ዓመት ሆኗት ይሆናል። ዓርብ ገበያ ስትወጣ ግን ከማሽላው ዘንቢል አጠገብ ቆማ ባለ ማሽላዋን "ይኸ የት ነው የተዘራው?" ብላ መጠየቅ ትችላለች። ሴትዮዋም እጃቸውን ወደ ሸለቆው ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ትንሽ ያስቡና፣ እጃቸውን ከድሮው ቦታ ከፍ ያደርጉታል።